ማበረታቻው ሞልቷል፣ ቀጣሪው ግን የታለ?

በጎንደር ከተማ ፎቅ በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ሴት አለች። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ባሉት ሳይቶች አሸዋ ትነፋለች፣ ድንጋይ ታቀብላለች፣ ውኃ ታመላልሳለች፣ የተቦካውን ሲሚንቶ በባሬላ ተሸክማ ደረጃ ትወጣለች። ግንበኛው ወንድ ነው። ብረት አሳሪው ወንድ ነው። ፎርማኑም፣ ፕላኑን ዘርግቶ የሚያመለክተው መሐንዲስም ከጥቂቶች በቀር ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ሴቶች ወደ ግንባታው ዘርፍ አልገቡም የሚለው የተለመደ አባባል እንደገና መታየት አለበት። ገብተዋል፤ የገቡት ግን ክፍያው ዝቅተኛ በሆነው በር ነው።

ነገሩን በገንዘብ ዓይን እንየው። በቀን ሥራ የጀመረ ወጣት ወንድ እጁ ከተፍታታ ረዳት ይሆናል፣ ከዚያ ግንበኛ፣ ቢቀናው ደግሞ ትንንሽ ሥራ በኮንትራት እየያዘ ሰው የሚቀጥር ይሆናል። አብራው የጀመረችው ሴት ከዓመታት በኋላም ባሬላው ላይ ናት። ልዩነቱ ከጉልበት የመጣ አይደለም፤ የተሸከሙት ሸክም አንድ ነውና። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ኢትዮጵያ ባወጣው የሥርዓተ ፆታ ጥናት የሴት ተቀጣሪዎች የሰዓት ክፍያ ከወንዶቹ በ44 በመቶ፣ የሴት ነጋዴዎች ሽያጭ በ79 በመቶ፣ የሴት ገበሬዎች ምርት ደግሞ በ36 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ክፍተቶች ጀርባ አንድ የጋራ ምክንያት አለ፤ ሴቶች የተሰበሰቡት ክፍያው በሚያንስበት ዘርፍና በዘርፉም ውስጥ ዝቅ ባለው እርከን ላይ ነው።

መድኃኒቱ ምን ይሁን ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ እናበረታታቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳለፈው ውሳኔ ፌብሩዋሪ 11 ቀን፣ በእኛ የካቲት 4 ቀን፣ የሴቶችና የልጃገረዶች የሳይንስ ቀን ሆኗል። ቀኑ ሲደርስ ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ «ትችያለሽ» ይባላል። መባሉ አይጎዳም። ችግሩ የሚጀምረው ልጅቱ ቤቷ ስትመለስ ነው፤ እዚያ የሚጠብቃት ሒሳብ በንግግር አይለወጥም።

ይህን ሒሳብ ለመረዳት ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ሰሜን መጓዝ ያስፈልጋል። ከጎንደር በዳባት በኩል ደባርቅ ድረስ፣ ከዚያም ወደ ጃናሞራና በየዳ የሚዘልቀው ደጋ ገብስ፣ ድንችና በግ የሚያኖረው አገር ነው። መሬቱ ተዳፋት፣ ማሳው ትንሽ፣ ቤተሰቡ ብዙ ነው። አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያ አለ። ሁለተኛ ደረጃው ግን በአብዛኛው በወረዳው ከተማ ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ቤት ይከራያል፣ ስንቅ ከገጠር ይመላለስለታል፣ ሳምንት ሙሉ በድርቆሽና በሽሮ ይቆያል። ወንድ ልጅ ሲሄድ ቤተሰቡ የሚያወጣው ኪራይና ስንቅ ነው። ሴት ልጅ ስትሄድ ኪራዩና ስንቁ እንዳለ ሆኖ ውኃ የምትቀዳው፣ ኩበት የምትለቅመው፣ ታናናሾቿን የምትይዘው እጅ ይጎድላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በገጠር ግማሽ ያህሉ ቤተሰብ ውኃ ቀድቶ ለመመለስ 30 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደሚፈጅበት አሳይቷል። ይህ ጊዜ በአብዛኛው የሴቶች ጊዜ ነው፤ በየትኛውም የመንግሥት በጀት ውስጥ ግን ወጪ ተብሎ አይመዘገብም። በዚህ ላይ ብቻዋን ኪራይ ቤት የምታድር ልጅ ወላጅ የሚያድርበት ሥጋት አለ። እሱንም ወጪ ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል።

ወጪው ይህ ከሆነ ገቢው ምንድን ነው? የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺሕ በላይ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። ይህ 3.3 በመቶ ነው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። የፈተናውን ጥራት መጠበቅ ተገቢ ነው፤ ኩረጃ የነገሠበት ዘመን ለማንም አልበጀም። ነገር ግን አንድ የበየዳ አባት ይህን ቁጥር በመቶኛ ባያውቀውም በዓይኑ ያውቀዋል። ከቀበሌው የሄዱት ተማሪዎች ስንቱ አልፎ ስንቱ እንደተመለሰ አይቷል። ያለፈውም ኢንጂነሪንግ አጥንቶ ያለ ሥራ እንደተቀመጠ ሰምቷል። ጥሎሽ ግን ዘንድሮ የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነው። ልጅቱ ደግሞ «ነገ የሰው ናት»። የቤተሰብ ሕጉ የጋብቻን ዕድሜ ከፍ አድርጎ 18 ዓመት ካለ ሩብ ምዕተ ዓመት ሆኖታል። ከላይ በተጠቀሰው እ.ኤ.አ. የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ግን ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ኢትዮጵያውያት ግማሾቹ 17 ዓመት ከጥቂት ወር ሳይሞላቸው ያገቡ ነበሩ፤ አማራ ክልል ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ይህን አባት ኋላ ቀር ማለት ቀላል ነው። ከባዱ ነገር ያሰበው ሒሳብ ስህተት እንዳልሆነ መቀበል ነው። የጎደለው መረጃ ሳይሆን በሒሳቡ ማዶ ሊታይ የሚገባው ደመወዝ ነው።

ይህን የሚያጠናክር ማስረጃ ከዚሁ ክልል አለ። «ብርሃነ ሔዋን» የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በምዕራብ ጎጃም፣ ሞሰቦ በተባለ ገጠር ተሞከረ። ልጃገረዶች በቡድን ይሰበሰባሉ፣ የትምህርት መሣሪያ ይሰጣቸዋል፣ ሳያገቡ የቆዩ ልጆች ቤተሰብ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በግ ያገኛል። ውጤቱ ብዙ ተወርቶለታል፤ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ትዳር በእጅጉ ቀነሰ፣ ትምህርት ቤት የሚሄዱትም በረከቱ። ያልተወራለት ግን ሌላኛው ግማሽ ነው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ያገቡት በፕሮግራሙ ቀበሌ እንዲያውም በዝተው ተገኙ። ጋብቻው ቀረ ሳይሆን ተራዘመ። በግ ጥቂት ዓመት ሊገዛ ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓመት የሚገዛው ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ከህንድ የተገኘ ጥናት ይናገራል። ሮበርት ጄንሰን የተባለው የኢኮኖሚ ተመራማሪ በዴልሂ ዙሪያ ካሉ 160 መንደሮች በግማሾቹ ለሦስት ዓመት ቀጣሪዎችን ላከ። ቀጣሪዎቹ ለሴቶች የተዘጋጀ የስልክና የኮምፒዩተር አገልግሎት ሥራ እንዳለ ይናገራሉ፣ የሚፈለገውን ያስረዳሉ፣ በኋላም ድጋፍ ይሰጣሉ። ገንዘብ አልታደለም፣ ስለ ሴቶች መብትም ስብከት አልተሰበከም። ሆኖም በእነዚያ መንደሮች ወጣት ሴቶች የማግባትና የመውለድ ዕድላቸው ከሌሎቹ በ5 እና በ6 መቶኛ ነጥብ ዝቅ አለ። ገና ለሥራ ያልደረሱት ታናናሽ ሴት ልጆች እንኳ ትምህርት ቤት የመቆየታቸው ነገር ተሻሻለ። ወላጅ በሩቅ የሚታይ ደመወዝ ሲያይ ዛሬ ወጪ ያወጣል። በባንግላዴሽ የልብስ ፋብሪካዎች አቅራቢያ ባሉ መንደሮች የታየውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ሩቅ አገር ለምን እንሄዳለን የሚል አንባቢ ቢኖር እውነት አለው። ጎንደር ራሷ ከማንም የበለጠ ትምህርት አላት።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያና በጣና ዙሪያ ሺዎችን የገደለ የወባ ወረርሽኝ ደረሰ። በቀጣዩ ዓመት በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ የርዳታ ተቋም ጋር ሆኖ ያቋቋመው ነው። የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻው ይኸው ነው። ኮሌጁ ሲከፈት ለሦስት ሥራ ሦስት ዓይነት ባለሙያ ማውጣት ነበረበት፤ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስ እና ሳኒታሪያን። ተማሪዎቹ ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይላካሉ፤ ጤና መኮንኑ ይመረምራል፣ ነርሷ ቤት ለቤት ትዞራለች፣ ሳኒታሪያኑ ምንጭና መጸዳጃ ይመለከታል። ቁም ነገሩ ሥልጠናው ውስጥ ብቻ አልነበረም። ሠልጣኙ ሲገባ የሚሄድበት ጤና ጣቢያና የሚይዘው መደብ ታውቆ ነበር የሚገባው። በነርስነት በኩል ሴቶች የመንግሥት ደመወዝተኛ ሆነው በየአውራጃው ታዩ፤ በዚያ ዘመን ለብዙ ገጠሬ ልጃገረድ የተማረች ሴት ማለት ከመምህርቷ ቀጥሎ ይህች ነጭ ለባሽ ነበረች።

ታላቁ ማረጋገጫ የመጣው ግን ከ50 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሠራተኛ መደበ። መስፈርቱ ግልጽ ነበር፤ ሴት፣ 10ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ ከአካባቢው የተገኘች። አንድ ዓመት ትሠለጥናለች፣ ከዚያ በመንግሥት ደመወዝ ቀበሌዋ ተመልሳ ትሠራለች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺሕ በላይ ሴቶች ሥራ ያዙ። ማንም የሚቀጠሩ ሴቶች ጠፉ አላለም። ክትባት፣ የወባ ምርመራ፣ የውኃ ንጽሕና፣ የእናቶች ክትትል፣ ሁሉም ተግባራዊ ሳይንስ ነው። ኢትዮጵያ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትን እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት ከ1,000 ሕፃናት 200 ገደማ፣ በ2012 ወደ 68 አውርዳ የሚሌኒየሙን ግብ ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ቀድማ ስትመታ በየቀበሌው የነበሩት እነዚህ ሴቶች ናቸው። በዚያው ልክ 10ኛ ክፍል መድረስ ለአንዲት የገጠር ልጅ ዋጋው የሚታይ ሆነ። ጎረቤቷ ደመወዝ በልታለችና።

ፕሮግራሙ እንከን የለሽ አልነበረም። ደመወዙ ዝቅተኛ ነው፣ የእድገት መሰላሉ አጭር ነው፣ የሥራው ጫና በየዓመቱ ይከመራል። ብዙዎች ሰልችተው ለቅቀዋል። ቢሆንም መንግሥት ሴት ባለሙያ ሲፈልግ መደቡን አስቀድሞ ከፈተ፣ ከዚያ ሠልጣኝ መጣ። በኢንጂነሪንግ የተደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ተወሰነ፤ የቴክኖሎጂ ተቋማት በየዩኒቨርሲቲው ተከፈቱ፤ ለሴቶች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ተደረገ። ቀጣሪው በኋላ ይመጣል ተባለ። በመጨረሻ ግንባታው ሲቀዛቀዝ ወንዱም ሴቷም ተመርቀው ቤት ቁጭ አሉ። ለሴቷ ደግሞ «በቅናሽ ነጥብ የገባች» የሚል ስም ተጨመረላት፤ ይህን ስም ከቀጣሪ አፍ የሰማች ምሩቅ ጥቂት አይደለችም።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ ከባድ ነው። ወንዶቹ መሐንዲሶች ሥራ ባጡበት አገር ሴቶችን ወደዚያው መገፋፋት ምን ይጠቅማል? መልሱ ያለው ሥራው አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ነው። ሥራው አለ። የጎደለው የሥራ መደቡ ነው። ጎንደር ከተማ ለዓመታት ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ከተማ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ አቅሙ ተዳክሟል፤ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ዓመታት ተጓቷል። ቧንቧ ሲደርቅ ጀሪካን ይዛ የምትሰለፈው ሴት ናት። በገጠር ደግሞ በርዳታ የተሠራ የእጅ ፓምፕ ጎሚኒው ያልቅና መለዋወጫ እስኪመጣ ወራት ይቆማል፤ ሴቶቹ ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። ደለሉን የሚከላከል የተፋሰስ ሥራ፣ የፓምፕ ጥገና፣ የመስመር ፍሳሽ ፍተሻ፣ የመንደር መንገድ፣ የሶላር ተከላ፣ ሁሉም ትንንሽና የማያቋርጥ ሥራ ነው። ይህን ለመሥራት አምስት ዓመት የተማረ መሐንዲስ ሁልጊዜ አያስፈልግም። እስከ ደረጃ ሦስትና አራት በፖሊ ቴክኒክ የሠለጠነች ቴክኒሻን ትበቃለች። በፖሊ ቴክኒኮቻችን ግን ዛሬም ሴቶቹ ወደ አካውንቲንግ፣ ሆቴልና ልብስ ስፌት፣ ወንዶቹ ወደ አውቶና ኤሌክትሪክ ይሄዳሉ። የሚሄዱበትን የሚወስነው ምርጫቸው ብቻ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚቀጥራቸው ያዩት ነገር ነው።

ቀጣሪ ቀድሞ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ለማየት የኢትዮጵያ አየር መንገድን መመልከት ይበቃል። አየር መንገዱ ለአብራሪነትና ለጥገና ሙያ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ይፈትናል፣ በራሱ አካዳሚ ያሠለጥናል፣ ከዚያ ይቀጥራል። በአርክቴክቸር የተመረቀችው አምሳለ ጓሉ በዚህ መንገድ አልፋ በ2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆነች። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ወደ ባንኮክ የሄደው በረራ ከአብራሪዎቹ እስከ ጥገና ሠራተኞቹ በሴቶች ብቻ የተከናወነ ነበር። ለማስታወቂያ የተደረገ ነው የሚል ይኖራል፤ ይሁን። ለማስታወቂያ የሚበቃ ቁጥር መኖሩ ራሱ ቀጣሪ ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል።

የስመ ጥሮቹንም ታሪክ ቢሆን በዚህ ዓይን ማንበብ ይገባል። ሰገነት ቀለሙ (ዶ/ር) የተወለዱት በፍኖተ ሰላም ነው። ከአካባቢያቸው ዩኒቨርሲቲ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት ነው። የዕፅዋት በሽታ ሳይንስ አጥንተው በአሜሪካ ዶክትሬታቸውን ሠሩ፣ በኮሎምቢያ በሚገኝ ዓለም አቀፍ የሐሩር ግብርና ምርምር ማዕከል ለዓመታት ተመራመሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 ናይሮቢ የሚገኘውን ኢሲፔ የተባለውን የነፍሳት ምርምር ተቋም መሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያልና የዩኔስኮ የሴት ሳይንቲስቶች ሽልማት ተሰጣቸው። ታሪካቸው ሲነገር ድፍረታቸው ይጎላል፤ ተገቢ ነው። በየደረጃው ግን አንድ ተቋም በሩን ከፍቶ፣ ላቦራቶሪ ሰጥቶ፣ ደመወዝ ከፍሎ ተቀብሏቸዋል። ከእነዚህ ተቋማት አብዛኞቹ ኢትዮጵያ ውስጥ አለመሆናቸው የዚህ ጽሑፍ ጭብጥ አካል ነው።

አገር ውስጥ የተከፈተ በር ደግሞ አለ። ኢንጂነር አዜብ አስናቀ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን የግልገል ጊቤ ሦስት ፕሮጀክት በሥራ አስኪያጅነት መርተዋል፤ ኋላም ከ2006 እስከ 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ነበሩ። የጊቤ ሦስት ሳይት ከአዲስ አበባ የሩቅ ሩቅ፣ በኦሞ ሸለቆ በረሃ ነው። ሴት መሐንዲስ ሳይት ላይ አትመችም የሚል ኮንትራክተር ይህን አንድ ምሳሌ ሊያልፈው አይችልም። አለመመቸቱ ካለ ያለው በሳይቱ ላይ ነው፤ የሚቆለፍ መኝታ፣ የተለየ መጸዳጃ፣ ትንኮሳ ሲደርስ የሚሰማ አካል የሌለበት ሳይት ለማንም አይመችም። ይህን ማሟላት ከአንድ ሕንፃ ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ አይደለም።

ከተከዜ ማዶ፣ በመቀሌ፣ ሌላ ዓይነት ምሳሌ አለ። ፍረወይኒ መብራህቱ በአሜሪካ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ተምረው ታጥቦ ዳግም የሚሠራ የንጽሕና መጠበቂያ ፈለሰፉ፣ የባለቤትነት መብት አገኙበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ማርያም ሳባ የተባለውን ፋብሪካ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2019 ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና አላቸው። ከሽልማቱ ይልቅ ለዚህ ዓምድ የሚስበው የገበያው ነገር ነው። የወር አበባ ሲመጣ ከትምህርት ቤት የምትቀር ልጅ ችግር ለዘመናት አለ፤ ያንን ችግር እንደ ገበያ ያየው መሐንዲስ ግን ሴት ናት። በፋብሪካው የሚሠሩትም በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ሴት መሐንዲስ ስትጨመር የሠራተኛው ብዛት ብቻ አይጨምርም፤ መሠራት ያለበት ነገር ዝርዝርም ይረዝማል።

ገበያና ቀጣሪ ስላጣ ዕውቀት ሲነሳ ደግሞ ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ ትታወሳለች። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት ወንዶቻቸው ብረት ቀጥቃጭ፣ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ሸክላ ሠሪዋ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ ምን ያህል አሸዋ ወይም የተፈጨ ገል እንደሚቀላቀል፣ እሳቱ እስከ ምን ድረስ እንደሚነድ ታውቃለች። ይህ የማቴሪያል ሳይንስ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይህንን ሳይንስ የሚያስተምሩት ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ የታላቁ የግዕዝ ሊቅ የጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ በአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በጠጣር አሲድ የሚሠራ ነዳጅ ሴል በመፍጠር ይታወቃሉ፤ የፀሐይ ሙቀትንና የሴራሚክ ባሕርይ ያለውን የሴሪየም ኦክሳይድ ተጠቅሞ ከውኃ ነዳጅ በማውጣት ምርምርም ተሳትፈዋል። ወለቃ ላይ ያለው ዕውቀት ለቱሪስት የሚሸጥ ትንሽ ምስል ሆኖ ቀረ። ምድጃ፣ የውኃ ማጣሪያና የወለል ንጣፍ የሚያመርት ድርጅት እዚያ አልተከፈተም። ዕውቀት ኖሮ ቀጣሪ ሲጠፋ የሚሆነው ይህ ነው።

ሀብታም ስንሆን ነገሩ በራሱ ይስተካከላል የሚሉም አሉ። የዩኔስኮ እ.ኤ.አ. የ2021 የሳይንስ ሪፖርት ይህን አይደግፍም። በአልጄሪያ ከኢንጂነሪንግ ምሩቃን 48 በመቶ፣ በቱኒዚያ 44 በመቶ ሴቶች ናቸው። በአሜሪካ 20 በመቶ፣ በጃፓን 14 በመቶ ብቻ። ሀብት ብቻውን ቢያስተካክል ኖሮ ቁጥሩ የሚገለበጥ ነበር።

አሁን ያለንበት ጊዜ ደግሞ ቀላል አይደለም። የሰሜኑ ጦርነት እስከ ዳባት ድረስ ደርሶ ትምህርት ቤቶች ተጎድተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለው የበይነ መረብ ሥልጠና ሲታወጅ የደጋው ልጃገረድ ትምህርት ቤቷ የተዘጋባት ልትሆን ትችላለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀድማ የምትዳረው ሴት ልጅ ናት። ወላጅ ያደረገው ሒሳብ በሰላም ጊዜ ጠባብ ከነበረ አሁን ደግሞ የበለጠ ጠብቧል። ስለዚህ የትኛውም ዕቅድ ትምህርት ቤቱን ከማስከፈት ይጀምራል፤ ሰላም ከሌለ የሚቀጥለው አንቀጽ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሰላም ሲኖር ግን የሚደረገው ነገር አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። የጤና ኤክስቴንሽኑን አሠራር ወደ ውኃና ኢነርጂ ማምጣት ይቻላል። በእያንዳንዱ ወረዳ የውኃ ጽሕፈት ቤት ሥር ለጥቂት ቀበሌዎች አንድ ሴት የውኃ ቴክኒሻን፣ ከአካባቢው የተገኘች፣ ሠልጥና በደመወዝ የምትመለስ። ለሥልጠናው የጎንደር ፖሊ ቴክኒክ አለ፤ ለላይኛው እርከን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምና ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልክበት ልምድ አለው፤ በዳባትም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሕዝብ ጤና መረጃ የሚሰበስብበት የምርምር ማዕከል አለው። ሲቪልና ኤሌክትሪካል ተማሪዎቹን በዚያው መንገድ ወደ ወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤት መላክ የተቋሙን ነባር ልምድ ማስፋት ነው። ገንዘቡስ? አንድ የቆመ ፓምፕ በመንደሩ ሴቶች ላይ የሚጭነውን የጠፋ ሰዓት ማንም በጀት ላይ ስለማይጽፈው ርካሽ ይመስላል እንጂ፣ ፓምፑን በየጊዜው እየተከሉ ማበላሸት ከጥገና ደመወዝ የሚበልጥ ወጪ ነው።

ሌላው መሣሪያ የመንግሥት ግዥ ነው። በክልሉ ትልቁ የግንባታ ደንበኛ መንግሥት ነው፤ የጨረታ ሰነዱ ውስጥ ኮንትራክተሩ ሊያሟላ የሚገባውን ባለሙያና ማሽን ይዘረዝራል። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ደመወዝ የሚከፈላት አንዲት ጀማሪ ሴት መሐንዲስና ባሬላ ከተሸከሙት መካከል የተመረጡ ሁለት ሴት የግንበኛ ሠልጣኞች የሚል መስመር መጨመር ሕግ አያስለውጥም። ኮንትራክተሮች ያጉረመርማሉ። የኮብልስቶን ሥራ ሲጀመር በየከተማው ድንጋይ ጠራቢ ሴቶች ተሰማርተው መንገዱ መነጠፉን ግን ማንም አልዘነጋም።

ለክልሉ ውኃና ኢነርጂ ቢሮ፣ ለጎንደር ከተማ አስተዳደርና ለሰሜን ጎንደር ዞን የሚቀርበው ጥያቄ ስለዚህ አጭር ነው። በሚቀጥለው በጀት ዓመት ስንት ሴት ቴክኒሻንና መሐንዲስ፣ በየትኛው ወረዳ፣ በምን ያህል ደመወዝ እንደሚቀጥሩ ይወስኑ። የወሰኑትን ቁጥር ደግሞ ለየካቲት 4 ሳያቆዩ በመስከረም፣ ምዝገባ ሲጀመር፣ በደባርቅ፣ በዳባትና በመካነ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በር ላይ ይለጥፉት፤ ወላጅ ልጁን ሊያስመዘግብ ሲመጣ ያነበዋል።